ደቻቱ ደረቅ ሳለ

«ምንድን ነው የምትማሪው?» አለኝ ባለባጃጁ፣
ከከዚራ ስንወጣ፣ መሪው ላይ እያላበው እጁ።
«ፍልስፍና» ስለው አየኝ በመስታወት፣
«የሰው ልብ ታነቢያለሽ? በይ ንገሪኝ የኔን ሕይወት።»
«እሱ ሥነ ልቡና ነው፣ የጓደኛዬ የሂንዲያ፤
እኔ ግን…» ሳልጨርስ ደረስን ገበያ።
ሃያ ብር ከፈልኩት። መልሱ ግን ቀረ ዕዳ፣
ሦስት ዓመት ተሸከምኩት፣ ከክፍል እስከ ሜዳ።

መምህር ቃለአብ ጠመኔውን ሰብሮ፣
«ወንበሩ አለ ስንል…» ይላል ግንባሩን ቋጥሮ፣
«ወንበሩን ተዉት። ‹አለ› ምን ማለት ነው?»
እኛም ወንበር ላይ ሆነን ወንበር እንጠረጥራለን።
ከማዶው ክፍል ሂንዲያ የሰው አንጎል ሥላ፣
ፍርሃት የሚያድርበትን ቀይ ትቀባለች፣ ከሌላው ነጥላ።

ማታ ሙቀቱ ሲያሳድደን ፍራሽ አውጥተን ደጅ፣
በአንድ አንሶላ እንጣላለን፣ እንደ እህት፣ እንደ ወዳጅ።
«አንቺ ሰው ለምን እንደሚያለቅስ ታጠኛለሽ» እላታለሁ፣
«እኔ ማልቀስ ይገባዋል ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።»
«እስክትጨርሺ መሀረብ ማን ያቀብለዋል?» ትለኛለች።
ትገለበጥና ትተኛለች።

ደቻቱን ያየ እንግዳ ወንዝ ነው ሲሉት ይስቃል፤
ፍየል ያቋርጠዋል፣ ልባሽ ጨርቅ ይሸጥበታል፣
የሰፈር ልጅ በድንጋይ ጎል ሠርቶ ኳስ ይለጋል።
እኔ ድልድዩን ተደግፌ፦ ውሃ የሌለውን ወንዝ
ወንዝ ያሰኘው ምኑ ነው? ጎድጓዳው? ስሙ?
ወይስ የቀጠረው መዘዝ?
ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ በራሴ ረካሁ፤
ቀና ስል ሮብሌን አየሁ።

ሮብሌ የሼሚንደፈር ጡረተኛ ናቸው፣
«ባለ ዝናብ» እንደማለት ነው በሶማሊኛ ስማቸው።
ዛሬ ግን በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ፣
እንቅልፍ የለም፣ እራት የለም፣ ሁሉም ነገር ቀረ፤
የድሮ የባቡር ፋኖስ፣ ቀይ መስታወቱን ወልውለው፣
ድልድዩ ላይ ይቆማሉ፣ ወደ አሸዋው ዞረው፣
ያወዛውዛሉ።
በሐዲድ ቋንቋ «ቁም» ማለት ነው።
አንድ ሌሊት ጎርፉ ልጃቸውን ከነአልጋዋ ወሰዳት፤
ያቺው ሌሊት ናት፣ ተረኛ ሆነው
ባቡሩን በሰላም ያሳለፉባት።

ሂንዲያ ለልምምዷ አጠገባቸው ተቀመጠች።
ስንት ሰዓት ይተኛሉ? ልብዎ መቼ ነው የሚመታው?
ዓይንዎን ሲጨፍኑ ቀድሞ የሚመጣው ድምፅ ነው ወይስ መልክ?
ፍርሃታቸውን እንደ ዛገ ሐዲድ፣ ብሎን በብሎን ፈታች፣
ዘይት ጠብ እያደረገች፣ ሳትቸኩል።
እኔ ደግሞ ማታ፣ ፍራሹ ላይ፦
«ጎርፉ እንደሆነ አንድ ቀን በእውነት ይመጣል፤
እውነት የሆነ ፍርሃት በሽታ ይባላል?
የታመመው ማነው፣ ነቅቶ የሚጠብቀው ሽማግሌ፣
ወይስ ወንዝ ዳር ቤት ሠርቶ የሚያንኮራፋው ከተማ?»
«ሂጂና ንገሪያቸው» አለች፣
«እንቅልፍ ይወስዳቸው እንደሆን።»
ውሻ ጮኸ። አልመለስኩም።

ነሐሴ ነው፣ ሐሙስ ማታ። ጋራው አጉረመረመ።
ተያይዘን ስንሮጥ ቀዩ መብራት ቀድሞን ቆመ።
ሂንዲያ አንድ እጃቸውን ይዛ አብራቸው ተነፈሰች፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ደግሞ ከአንድ ጀመረች፤
ትከሻቸው ወረደ። ፊታቸው ተፈታ።
ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፣ በዚያ በጨለማ ቦታ፦
«አንቺ የሌላኛው ትምህርት ነሽ አሉ። እስቲ ንገሪኝ፤
የማይሰማን ውሃ ‹ቁም› ማለት ስህተት ነው?»
ሂንዲያ ደብተሯን ዘጋች። አየችኝ።

የሦስት ዓመት ጠመኔ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
«አላውቅም» አልኩ። «ግን ስህተት አይመስለኝም።»
«ለምን?» አሉኝ፣ ልክ እንደ መምህር ቃለአብ።
እያሰብኩ ሳለሁ ውሃው መጣ፣
ቁርጭምጭሚት የማይሞላ፣
አንድ ነጠላ ጫማ እየገፋ፣ አረፋው እየቀላ።
እጃቸው ዝሎ ነበር፤ ፋኖሱን ተቀበልኳቸው።

ከባድ ነው ለካ።