ይርሳው

ሞጣ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ኋለኛ ክፍል፣
ቀድሞ ሚዛን ቤት የነበረ፣ ዛሬም ጤፍ ጤፍ የሚል፣
ሁለት ዲስክ ገጠምሁ ባንድ ሣጥን ሆድ፤
አንዱ ክንፍ ያለው፣ አንዱ እግረ ከባድ።

ክንፋሙ አዲስ ነው፣ ከባሕር ዳር በካርቶን የመጣ፣
ኮሽታ የለው፣ ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ቀድሞ የሚወጣ።
ሌላውን ከወደቀ ኮምፒውተር ፈልቅቄ ነው ያገኘሁት፣
አቧራውን እፍ ብዬ፣ በሸሚዜ እጅጌ ጠርጌ የሰካሁት፤
ሲነሣ ያቃስታል፣ ሲዞር ይፋጫል እንደ ወፍጮ መጅ፤
ግን ፍሬ አይጥልም፣ አንዴ ከገባለት ከእጅ።

ሕጉን እንዲህ አልሁት፦
የገባ ስም ሁሉ ለሁለቱም ይድረስ፤
ባለጉዳይ ሲጠይቅ ክንፋሙ ይመልስ፤
እግረ ከባዱን ማንም አይጠይቀው፣ አያናግረው፤
ይጻፍ ብቻ፣ ከኋላ ከኋላ፣ እንዳቅሙ ይከተለው።

ጋሽ ባንቴ፣ የመዝገቡ ሹም፣ ይህን ሰማኝና
መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገና
«ይኸማ» አለ፣ «የኔና የምናለ ግብር ነው፤
እሱ ነው በመስኮቱ እየለፈለፈ ሕዝቡን የሚሸኘው፤
እኔ ነኝ ከኋላ፣ በብዕር፣ የተባለውን የማሰፍረው።»
ሳቅን።
ክረምቱ ገባ።

ነሐሴ ነው፤ ገበያ ቀን፤ የቆርቆሮው ጩኸት ያደነቁራል፤
ወረፋው ከበሩ አልፎ ከባሕር ዛፉ ሥር ደርሷል፤
ክንፋሙ ሠላሳ ስም ጽፎ እጁን አጥፎ ሲቀመጥ፣
ያኛው ገና ሃያ አንደኛው ላይ ነው፣ ይፋጫል፣ አያቋርጥ።

ውባንቺ ገባች። ጥላዋ ያንጠባጥባል። ከጀርባዋ ሕፃን።
«ስሙ?»
«ይርሳው።»
ምናለ ቀና አለ። «ማን? ምኑን?»
«አባቱ። ያምናውን።»

የምናለ ጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ አሉ።
«ተመዝግቧል» አለ ስክሪኑ፣ በአረንጓዴ፤
ክንፋሙ ከጻፈው በቃ፣ ሌላው ይጠበቃል እንዴ?

ያን ጊዜ መብረቅ። መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።
ክንፋሙ ሳያቃስት፣ ሳይሰናበት፣ እንዳመጣጡ ነጎደ፤
ፈጣን ለካ ሲሞትም ፈጣን ነው።

ማታ፣ በተዋስነው ጄኔሬተር፣ እግረ ከባዱን ቀሰቀስሁት።
አጉረመረመ። ተንገራገጨ። እስኪነሣ ታገሥሁት።
ሰጠኝ፤ የስድስት ዓመት ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ልደት፣ ሞት፣
ፊደል ሳይጎድልበት፣ ነጥብ ሳይዘነጋበት፤
ከሞቶቹ መሀል፣ ያምና ሐምሌ፣ አንድ መስመር አነበብሁ፦
«የአርባ ቀን ሕፃን። እናት፦ ውባንቺ።» ዝቅ አልሁ፣ ፈለግሁ፣
ዝቅ አልሁ፣
ሃያ ሦስተኛው ላይ መዝገቡ አለቀ። ስምንት ስም ጎደለ።
ያምናውን አልረሳም፤
ይርሳውን ረሳ።

በጭቃው፣ በባትሪ፣ ጋሽ ባንቴ ቤት ሄድሁ።
ትልቁን መዝገብ በፌስታል ጠቅልሎ ወስዶት ነበር፣ ዝናም ፈርቶ።
ሰባቱ አሉ፣ በሰማያዊ ቢክ፤
ስምንተኛው ላይ እጁ ቆሟል፦ «ይር»

«መብራት ሄደብኝ» አለ፣ እንዳፈረ ሰው።
«ምን ነበር የቀረው?»
«ሳው» አልሁት።
ለሁለት ፊደል አንድ ደቂቃ ፈጀ፤
ቢክ መሆኑን ረስቶ እስኪደርቅ እፍ አለበት።

በሳምንቱ አዲስ ዲስክ መጣ። ስምንቱን ስም በእጄ መለስሁ፣
ይርሳውን መጨረሻ።
አሁን የሚያስተምር እግረ ከባዱ ነው፤
ክንፋሙ እግሩ ሥር ቁጭ ብሎ ይቀዳል፣
ያምናውን ሕፃን ሳይቀር።
አሥራ ሁለት በመቶ። አሥራ ሦስት። ሌሊቱ እኩል አለ፤
አጠገባቸው ሆኜ ፍጭቱን እሰማለሁ።

ነገ አንድ ቃል ይሆናሉ፣ እንደ መስታወትና ፊት፤
ግን በመሀላቸው፣ አውቃለሁ፣ ትቀራለች ያች ክፍተት፣
አንድ ሕፃን፣ ተጠቅልሎ፣ የሚተኛባት።