ባለ ሦስት እግር ቀጠሮ

ለጥምቀት ነበረ የመጀመሪያው ቀን፤
ጥምቀት መጥቶ ሄደ፣ ታቦቱን አስገብተን።
ከዚያ ለፋሲካ። ጾሙም ተፈታና
ባለ ሦስት እግሩ አልተፈታም ገና።
አሁን ደግሞ መስቀል። እኔን ምን ቸገረኝ፣
ባሕረ ሐሳቡን በነጻ አስጠኑኝ።

ልጆቹ አራት ናቸው፤ ማራኪ የተማሩ፣
አዘዞ መንገድ ዳር ቆርቆሮ ያጠሩ፣
ቀን ሲበይዱ ውለው ማታ የሚያሰሉ፣
ስንጠይቃቸው ግን «ትንሽ ቀረን» የሚሉ።
ስሙን ጭላዳ አሉት፤ ደረቱ ቀይ ሆኖ
ገደል ይወጣል ሲሉ ስድስት ሰው ጭኖ፤
ቤንዚን የማይጠጣ፣ ጭስም የማይተፋ፣
ሌሊት ተሰክቶ ቀን ሙሉ የሚለፋ።

መካኒክ አዛናው፣ መዳፉ የጠቆረ፣
ወሬውን ሲሰማ እንዲህ ተናገረ፦
«ጭላዳስ ሣር ይግጣል። ይሄስ ምን ሊበላ?»
«መብራት» አለው ልጁ፣ ሳያይ ወደ ኋላ።
አዛናው ቀና አለ፤ አምፖሉን አየና
(ከማክሰኞ ወዲህ ጨለማ ነውና)
«ጾመኛ ነዋ!» ብሎ ገባ ወደ ሥራ፣
ለወደቀ ብሎን በስልኩ እያበራ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ። ያስቃል በእርግጥ።
ግን ሁለት ሌሊቴን ማደያ ስቀመጥ፣
ብርድ ልብስ ደርቤ፣ ተራዬ ሲደርስ
«አልቋል» ሲለኝ ቀጂው፣ ባዶዬን ስመለስ፣
ቤንዚን በሃይላንድ በማር ዋጋ ስገዛ፣
ባጃጄ ዳገት ላይ ስታስል ደንዝዛ፣
ሳቁ ይጠፋኛል።
                    ሰው ተስፋ የሚያደርገው
ሞኝ ስለሆነ ነው? ወይስ ስለደከመው?

እቁብ የወጣልኝ ሰሞን ቀብድ ከፈልሁ፤
ክብ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ተቀበልሁ፤
(ጎማም ክብ ነው ብዬ ማኅተሙን አመንሁ።)
ፈንታነሽ ስትሰማ ሦስት ቀን ዘጋችኝ፣
ለየጎማው አንድ ቀን ቆጥራ ቀጣችኝ።

ፌርማታው ላይ ደግሞ ሁሉም ነቢይ ሆኗል፤
አንዱ፦ «ብሩን ይዘው በሌሊት ጠፍተዋል»፣
ሌላው፦ «ዝናብ ሲነካው ባትሪው ይፈነዳል»።
አመሻሽ ላይ ግን ያው ነቢይ ቀረብ ብሎ
«ምዝገባው አላለቀም?» ይለኛል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

በሐምሌ መጨረሻ፣ ሳይነጋ፣ ጠሩኝ።
ከቀሃ ድልድይ ወደ ፒያሳ፣ ሽቅብ።
ያለምወርቅ ነዳች፤ እኔ ከኋላ
ጉልበቴን አቅፌ።
ምንም ድምፅ የለም።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ ከተማ
ነድቼ ነድቼ፣ ከተማዋን ሳልሰማ!
ለካ ድልድዩ ሥር ውሃው ያወራል፣
ለካ ጃንተከል ላይ ወፍ ቀድሞ ይነቃል፤
መጥረጊያ ከድንጋይ ጋር ሲፋተግ፣
የሱቅ በር ሲከፈት፣ አንድ ሰው ሲያስነጥስ፣
የራሴ ትንፋሽ።

እና ባንኩ ጋ፣ ኩርባው ላይ፣ ቆመ።

ማንም አልተናገረም። ወረድን። ገፋን፤
አራት መሐንዲስ ከአንድ ሾፌር ጋር፣ በጭቃ።
ዳቦ የያዘ ሰው ከታች መጣ። አዛናው።
ይስቃል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።
ዳቦውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣
ትከሻውን ሰጠ፤
ጥቂት እንደሄድን፣ እያለከለከ፣
«ቀላል ነው» አለ። ይህን ብቻ።
እስከ ዛሬ አልገባኝም፦
ክብደቱን ነው? ብልሽቱን ነው? ወይስ ሊያጽናናን?

አሁን ነሐሴ ነው። መስቀልን አላምንም።
(ቀጠሮውን ማለቴ ነው፤ ከበዓሉ ጋር ጠብ የለኝም።)
ግን ትናንት ገመድ ገዝቼ፣ ባለሙያ ጠርቼ
ባጃጄ ከምታድርበት ግድግዳ ላይ ሶኬት አስገጠምሁ፤
መብራት የለምና ይሥራ አይሥራ አላየሁም።
ፈንታነሽ ወጣች። አየችው። «ለማን ነው?»
«እንጃ» አልኋት።
ቆየችና ገባች። ስትመለስ ፌስታል ይዛ፣ ክር ይዛ፤
ዝናብ እንዳይገባበት ሸፈነችው፤
ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አሰረችው፣
ላላ አድርጋ፣
በቀላሉ እንዲፈታ።