ከሣሩ የተገመደ

ገመዱን የገመድኩት እኔ ነኝ፣ ምንዳዬ፤
ምስክር አያሻም፣ ይኸው መዳፎቼ፣ ይኸው ጠባሳዬ።
ካምናው አጨዳ የተረፈኝ የጓሳ ሣር ነበር፤
ዘፍዝፌ፣ ወቅጬ፣ በጭኔ ላይ አክርሬ እስኪመስል ጅማት።
«ለምን ነው?» አላልኩም። ግራዝማች አንበርብር
አንድ ቁና ገብስ ሰፍረው አዘዙኝ፤ ክረምት ነው፣ ራብ አለ በቤት።
ለክዳን ማሰሪያ፣ ለበሬ መጥመጃ መስሎኝ ነበር፣ ልጄ፤
መች አወቅሁ አገር ሊታሰር እንደሆን በገዛ እጄ?

ጓሳን ታውቀዋለህ።
የማንም አይደለም፤ ስለዚህም የሁሉ፤
አባቶች በመስቀል ተማምለው ያኖሩት፣ አጥሩም ያው ቃሉ።
ሦስት ዓመት ይዘጋል፤ ጭላዳ ይግጠዋል፣ ጉም ይተኛበታል፤
ከቀጠሮው በፊት ማጭዱን ያነሣ ከማኅበር ይወጣል።
ቀኑ ሲደርስ ደግሞ፣ የጊዮርጊስ ደወል ሌሊቱን ሲጣራ፣
መበለትም እኩል፣ ባለ ስምም እኩል፣ ሁሉም በየተራ።
ክዳንም ከዚያ ነው፣ ገሳም፣ ፍራሽም፣ የቃሬዛ ማሰሪያ፤
እንግዲህ ይህ ነበር የእኛ መተዳደሪያ።

ጥቅምት ላይ ግራዝማች መጡ፣ ጸሐፊ አስከትለው፣
አንዱን ጫፍ ላሽከር ሰጥተው፣ አንዱን ከአስታው ሥር በካስማ ቸክለው።
«አንድ ቀላድ፣ ሁለት ቀላድ…» ይላል ጸሐፊው፣ ብዕሩን በምራቁ እየነከረ፤
ገመዴ ሲጎተት፣ ሣር በሣር ሲለካ፣ እናቱን እንዳየ ጥጃ ይንፈራገጥ ነበረ።
በኅዳር ካብ ሆነ፤ ደረት የሚያህል ካብ፣ ድንጋይ በላይ በላይ፤
በመጣው ክረምት ያስካለች ጎጆ ክዳኑ ሰማይ።

ሣሩን ወሰዱና አሣሩን ተዉልን።

አቤት ማለትማ ብለናል። ላቀው ደብረ ብርሃን ሦስት ጊዜ ወርዶ፣
ዳኛው «ወረቀት?» አሉት።
«ጓሳ ወረቀት የለውም፤ ቃል ነው» አለ፤ ተመለሰ ተዋርዶ።

መጀመሪያ ያነሣች አስካለች ናት፤ በነሐሴ ጨለማ፣
አንድ ድንጋይ አቅፋ፣ እንደ ጨቅላ ልጅ፣ ማንም ሳይሰማ።
በማግሥቱ ሁለት ሰው። ከዚያ ሰባት። በፍልሰታ ማብቂያ
ሰበካው በሙሉ፣ ቄሱ ከነመቋሚያ፣
ዕውሩ ዘውገ በልጁ ትከሻ ተመርቶ።
ፉከራ የለ፣ እምቢልታ የለ፤
ድንጋይ ከድንጋይ ሲላቀቅ ብቻ፣ ጓ! የሚል ድምፅ ጉሙን ሞልቶ።

እኔም ነበርኩበት። ድንጋይ ግን አልያዝኩም።
ካስማው ላይ ገመዱን አገኘሁት፤ ልበጥሰው ብዬ በእጄም፣ በጥርሴም፣ አልቻልኩም።
የገዛ ሙያዬ አሸነፈኝ።

ሲነጋ ጠመንጃ ከመሐል ሜዳ መጣ። ላቀውን ካውድማው ያዙት።
በምን አሰሩት አትበለኝ፤
የፊጥኝ ሲጠፈር ዓይኑን ጣለብኝና
«ምንዳ፣ ጥሩ አርገህ ነው የገመድከው» አለኝ።
ስድብ ይሁን ምርቃት፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልገባኝ።
እሱም አልተመለሰ፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ካቡ ግን ዳግመኛ አልቆመም፤ ድንጋዩ ከየት ይምጣ?
አሽከሮች ቤት ለቤት ዞሩ፤ ድንጋይ ምን ብሎ ይመሰክራል፣ ከምን አፍ ቃል ይውጣ?
አንዱ መደብ ሆኗል፣ አንዱ የወፍጮ መጅ፣
አንዱ ይኸው ነው፣ የምትረግጠው ደጅ፤
አንዱም ከጊዮርጊስ ጓሮ፣ በላቀው ስም ተተክሎ ቆሟል፣ ከሥሩ ሰው የሌለበት።

እኔ ከዚያ ወዲህ ገመድ ስገምድ
መሐሉ ላይ አንዷን ፈትል አላልቼ እተዋለሁ፣ ሆን ብዬ።
ጥጃ ይይዛል፤ ነዶ ያስራል፤
በሜዳ ላይ ወጥረው ቢስቡት ግን… እ።
ገበያ ላይ «የምንዳዬ እጅ ደከመ፣ ገመዱ አይታመንም» ይላሉ።

ይበሉ።