ሩቅ ኃላፊ

ማክሰኞ ማታ፣ ስዋንሲ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
ብሮንዌን ሰሌዳው ላይ መስመር አሰምራ ሁለት ነጥብ አኖረችበት።
«ይሄ ትናንት ነው» አለች፤ «ይሄ ትናንት ሳይደርስ ያለፈ፤
ሃድ ከፊት፣ ግሡ ሦስተኛ ልብሱን ለብሶ ከኋላው የተሰለፈ።»
ጎ፣ ዌንት፣ ጎን! እንደ ሀሁ በዜማ ቆጠርን፣
እኔና ሶርያዊው አናጺ፣ ከኋላ ወንበር ሆነን።
«ጣቢያው ስደርስ ባቡሩ ሄዶ ነበር» ምሳሌዋ ይሄ ነው፤
ባቡር ያመለጠው ሰው ብዛት! ክፍሉ ሁሉ ገባው።

እኛም አለን። «ሄዶ ነበር» እንላለን፤
ነበርን እንደ መወርወሪያ ከመጨረሻ ጥለን በሩን እንዘጋለን።
እነሱ ግን ከደጅ ያቆሙታል፣ እንደ ዘበኛ፤
ገና ሳትገባ ይነግርሃል፦ የውስጡ ሰው ተኛ።

ሐሙስ ጠዋት አንደኛው አውቶቡስ አመለጠኝ፤ በሁለተኛው ሄድኩ።
የሚስተር ኢድሪስን በር፣
ስሙ የወሎ ሰው፣ እሱ ግን የዚሁ ሸለቆ ከሰል ቆፋሪ፣
በያዝኩት ቁልፍ ከፈትኩ።
ማንቆርቆሪያው ለብ ብሏል፤ ሁለት ኩባያ ቆሟል፤
ራዲዮው ስለ ማዕበል ያወራል፤
እሱ ወንበሩ ላይ፣ አገጩ ደረቱ ላይ አርፏል።

ከሰዓት ኃላፊዬ ቅጽ ዘረጋችልኝ፦ «የሆነውን ጻፊ።»
በአፍ መፍቻዬ ያለፈው ጊዜም እሱ ነው ስሙ፣ ኃላፊ።
«ስደርስ ሄደ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት ትናንት፣ ያለ ሃድ።
ብዕሯን አቆመች፦
«ከገባሽ ኋላ ነው ነፍሱ የወጣችው? ዓይንሽ እያየ ነው ሲሄድ?»
አንዲት ቃል ጎደለችና ሞቱ እጄ ላይ ወደቀ።
ሰረዝኩ። ሃድን ከፊት አቆምኩ፣ እንደ ምስክር።
ሂ ሃድ ጎን።
ፊቷ ፈታ አለ፤ ማኅተሟን መታች፤ ጉዳዩ አለቀ።

እኔን ግን ማታ ፌርማታው ላይ ሌላ ነበር ያዘኝ፤
ውሃውን የጣደው በለመደው ሰዓት፣ በእኔ ሰዓት ነው።
በእንግሊዝኛው ነጻ ነኝ።
በአማርኛው፦ ቀድሜ መድረስ ነበረብኝ።

ደግሞም ጎን በነሱ አፍ ሄዷል ነው፣ የለም ነው ትርጉሙ።
በኛ ጎን አጠገብ ነው።
አምቡላንሱ እስኪመጣ ወንበር ስቤ ከጎኑ ተቀምጬ ነበር።
ሻዩንም በሁለቱም ኩባያ ቀድቼ ነበር።
ይሄን ቅጹ አልጠየቀኝም።