የይለፍ ፊት

ያን ዘመን ጅሬን ሥር፣ በሂርማታ መንደር፣
ፈንጣጣን በስሟ የሚጠራት አልነበር።
«እሜቴ» ይሏታል ድምፃቸውን ዝቅ አርገው፣
ክፉ ስም ከሰማች ትቆጣለች ብለው።

ሐሙስ ገበያ ነው። ከጨው ነጋዴው ጋር፣
አሞሌ ከጫነው ከበቅሎው ጀርባ ዳር፣
ጊቤን ተሻግራ፣ ለኬላ ሳትከፍል ቀረጥ፣
ገባች እሜቴ፣ ከየቤቱ ሰው ልትመርጥ።
መጀመሪያ የነጋዴው ልጅ ራሱን አመመው፣
ቀጥሎ ወገቡን ቆረጣጠመው፤
በአራተኛው ቀን፣ እንደ ማሽላ ፍሬ፣
ግንባሩን ሞላው፣ ትናንት ያልነበረው ዛሬ።

ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ጎጆ ተቀለሰ፤
የታመመ ሁሉ ወደዚያ ታፈሰ።
ማን ይግባ? እናት እንኳ ከአጥሩ መለስ ብላ፣
ቅል ውሃ አስቀምጣ ትሮጣለች ወደ ኋላ።

ሸምሲያ ገባች።

አኮ ሸምሲያ፣ የአያቴ እናት፣
ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት፤
በሰባት ዓመቷ እሜቴ ጎብኝታት፣
ፊቷን እንደ ወንፊት በሳስታ የተወቻት፤
ሊያጫት የመጣው ጣሃ፣ አይቷት የሸሻት።
ዛሬ ያው ፊቷ ይለፍ ሆነላት፤
እሜቴ ደግማ አትመጣም፣ አንዴ ከቀመሰቻት።

ቁርበት ተጣብቆ ገላው ለሚላጠው፣
እርጥብ ኮባ አነጠፈች፣ ሌሊት እየቀየረችው፤
ዐይኑ ለተደፈነ፣ «ነግቷል» እያለችው።
አጣቢ ሲጠፋ እሷው አጥባ ከፈነች፤
ከአጥሩ ማዶ ዱዓው ሲሰማ «አሚን» አለች።

ስንቱ ዳነ? እንጃ። የቆጠረም የለ፤
አያቴ «አርባ» ስትል፣ አጎቴ አባ ጊሳ
«ውሸት ነው፣ አሥራ አንድ» አለ።
ስለሞቱት ስጠይቅ ግን
ሁለቱም ዝም።

ከእሜቴ ወዲያ ሌሎቹም መጡ፦
ተስቦ፣ ቅማል ፈረሱ፣ ከዘማች ልብስ ስፌት ሥር፣
ግርሻ፣ «ተሻለው» ሲሉ ተመልሶ የሚያድር።
ወባማ ጎረቤት ናት፤ ክረምቱ ሲወጣ
ከጊቤ ቆላ ብርዷን ተከናንባ የምትመጣ።
ለእነዚህ ጠባሳ ይለፍ አይሆንም።

አንዲት ቅማል ናት፣ ከበሽተኛ ጋቢ ሾልካ፣
እሜቴ የተወችውን አንገት ብትነካ፣
አኮ ሸምሲያ አንዴ ተኝታ ተነሣች፤
ሁለተኛ ተኝታ፣
እዚያው ቀረች።
ማን ገባላት ጎጆ? ማን አነጠፈ ኮባ?
አያቴ እዚህ ስትደርስ፣ ተነሥታ ነው ጓዳ የምትገባ።

እናቴ በግራ ክንዷ አንድ ጠባሳ አላት፣
ጤና ረዳቱ ትምህርት ቤት ደጃፍ አሰልፎ የወጋት፤
የድሮ አሥር ሳንቲም ታክላለች፣ ጠርዟ የተሸበሸበ።
ልጅ ሳለሁ አውራ ጣቴን እዚያ ላይ አሳርፌ
ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ትናንት ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ፣
እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ገልጬ ሳይ፣
ልጄ ዘምዘም መጣች። «አባ፣ ምን ሆነህ ነው?»
ጣቷን አሳረፈች፣ ወደ ላይ ወደ ታች ዳበሰች።
«ምንም» አልኳት።
እውነቴን ነው።
ምንም የለበትም።