ማክሰኞ በአሥር ሰዓት

ዶክተሯ ወረቀቱን ስትሰጠኝ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር።
“ኦቲዝም” ይላል፤ ከሥሩ ማኅተም፣ ከማኅተሙ ሥር ቁጥር።
ትራም ውስጥ ሦስቴ አነበብኩት፤
እንደ ውሃ ሒሳብ አጣጥፌ ደረት ኪሴ ከተትኩት።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የጌንትን ጓዳ ያየሁ፣
ምድር ቤት ለምድር ቤት ዞሬ ውሃ ቆጣሪ ያነበብሁ
እኔ ነኝ፣ ቫነስ።
ስምንት አኃዝ በልቤ ይዤ ደረጃ ስወጣ ስመለስ
ማንም ብዙ አያወራኝ፤ “ውሻው አይናከስም” ነው ቢበዛ፤
ውሻው ይናከስ ነበር። ቁጥሩ ግን ዋሽቶኝ አያውቅም፣ ባይኖረውም ለዛ።

ከዚያ ቆጣሪው ራሱን በራሱ ማንበብ ጀመረ፤
እኔም ቢሮ ገባሁ፤ ሠላሳ ሰው ባንድ አዳራሽ፣ ሳቅ እየተወረወረ፣
መብራቱ እንደ ዝንብ እየጮኸ፣ ስልክ ስልኩን እየጠራ፤
አለቃዬ ደግሞ “ዓይኔን እያየህ አውራ!”
ዓይን ሳይ ቃል ይጠፋኛል፤ ቃል ስይዝ ዓይኑ ያመልጠኛል።
ሰው ሁለቱን ባንድ እጅ እንዴት ይሸከማል?
የሰውን ዓይነ ውሃ አይቶ ማወቅ አለ ሲሉ እሰማለሁ፤
እኔ የማነበው የቧንቧውን ነው፤ የዓይኑን ቆጣሪ የት አገኘዋለሁ?

ሊዘሎትን ያገኘኋት ያን ሰሞን ነው፤ ሌደበርግ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለው ፎቅ፤
በሩ ደወል የለውም። “ገፋ አድርገህ ግባ” ብላ ጽፋልኛለች፣ “አትሳቀቅ።”
ወንበሮቿ ፊት ለፊት አልዞሩም፤ ሁለቱም መስኮት ያያሉ፤
ከታች ትራሞች ያልፋሉ።
“አሠልጣኝ ይሉኛል፤ ፊሽካ የለኝም” አለች፣ “አላስሮጥህም፤
እኔም እንዳንተው ነኝ፤ ወረቀቴ በሠላሳ አንድ መጣ፤ አላክምህም።
የተጣመመ ነገርም አላየሁ።
የደከመ ሰው ነው ያየሁ።”
ከዚያ ዝም አልን። አራት ትራም አለፈ።
ከሰው አጠገብ ተቀምጬ ትከሻዬ ያኔ ገና አረፈ።

በየማክሰኞው ትንሽ ትንሽ ነገር።
“ይሉኝታን በቀን ስንት ሰዓት ትለብሰዋለህ? እስቲ ቁጠር።”
ቆጠርኩ። አሥራ አንድ።
“ሲወልቅ ምን ይቀራል?” “እንቅልፍ።” “የኔም” አለች፣ “አንድ በአንድ።”
ለአለቃዬ ደብዳቤ ጻፍን፤ የጥግ ጠረጴዛ፣ የጆሮ መከለያ፣
ትእዛዝ በጽሑፍ እንጂ በሩጫ አይደለም፣ ኮሪደር ላይ በግፊያ።
ተሳስታም ታውቃለች። “ሻይ ክፍሉን ሞክረው” አለችኝ፤ ሞከርኩ፤
መጸዳጃ ቤት በር ዘግቼ ቀኔን ጨረስኩ።
“የኔ ጥፋት ነው” አለች። “ለኔ የሠራ ላንተም ይሠራል ብዬ ቆጠርኩ።”

በኅዳር አንድ ማክሰኞ ገፍቼ ስገባ መብራቱ ጠፍቷል።
ሊዘሎት ወለሉ ላይ ናት፣ ኮቷን ተከናንባ። ከታች አዲስ ማሽን ገብቷል፤
ሲሽከረከር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ ጥርስም ጭምር።
እጇን አነሣች፤ ሦስት ጣት። ቃል የለም፣ ማለቷ ነበር።
እንዲህ ያለ ቀን እንዳላት ነግራኛለች፤ የድሮ ታሪክ መስሎኝ፤
አሠልጣኝ ከሆነች ወዲህ የተዋት መስሎኝ።

ምን ሆንሽ አላልኩም፤ ያን ሰዓት ጥያቄ ድንጋይ ነው፣ አውቀዋለሁ።
አልነካኋትም። ወደ ማሽኑ ወረድኩ፤ ቁጥር ከሆነ እችላለሁ።
“ሠላሳ ስምንት ደቂቃ” ብዬ ጽፌ ከጉልበቷ አጠገብ አኖርኩ፤
ወረድኩ፤ “ሃያ ዘጠኝ”። ወጣሁ፣ ወረድኩ፤ “ሃያ” ብዬ ቀየርኩ።
“አሥራ አንድ።” “አራት።” የሃያ ሁለት ዓመት የደረጃ ጉልበቴ
እንዲህ ለሰው ሠርቶ አያውቅም በሕይወቴ።
ዜሮ። ማሽኑ ተንፍሶ ቆመ።
ትራም አለፈ፤ ሌላም፤ መስኮቱ ጨለመ።

ከኮቱ ሥር ድምፅ መጣ፣ ከዛገ ቧንቧ እንደሚመጣ የመጀመሪያ ውሃ፦
“ደረጃው ስንት ነው?”
“ሃያ ሦስት።”
“ሃያ አራት ነው። የመጀመሪያውን ምንጣፍ ሸፍኖታል።”

ስወጣ ምንጣፉን ገልጬ አየሁ።
ሃያ አራት።