የት ላይ ነበርን?

ከደሴ መናኸሪያ ስንወጣ፣ ከኋላ ወንበር ጥጉ ላይ፣
ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ ከፍቼ ጥቁሩን መስኮት ሳይ፣
ነጫጭ ፊደል ይወርዳል፣ መስመር በመስመር ሲደረደር፣
የኮምቦልቻው ፋብሪካ ክር፣ ጥቅል በጥቅል ሲቆጠር።

ከዚያ ሐረጎ። ጭጋግ። የመጀመሪያው ጠመዝማዛ።
ስልኬ አንዱን አንቴና ለቆ፣ ሌላውን ለመያዝ ሲያንዛዛ፣
ፕሮግራሜ ቀጥ አለ። ስንብት የለ፣ ኑዛዜ፤
አንዲት መስመር ብቻ፣ «ተቋርጧል» የምትል፣ እንደ ሁልጊዜ።

ሳምንት ሞላኝ እንዲህ ስሆን፤ ያላማሁት የቀረ የለም፣
ባትሪ አማሁ፣ ቴሌ አማሁ፣ አንድ ሌሊትማ ጠቅላላ ዓለም።
እንድሪስ፣ የጥገናው ልጅ፣ «አጥፍተህ አብራው» አለኝ።
አጥፍቼ አበራሁ።
«እንደገና ጫነው» አለኝ።
እንደገና ጫንሁ።
«አብሽር፣ ለጠዋት ይሻለዋል» አለኝ፣ እንደ ታመመ ሰው።
ጠዋት መዝገቡን ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች ሳነበው፣
ሰዓቱ ይለያያል እንጂ አሟሟቱ አንድ ነው፤
ከቢሮው ዋይፋይ ወደ ስልኬ በተሻገረ ቁጥር ነው።

ማታ ሆን ብዬ ሞከርኩት። ዋይፋዩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤
ወደቀ። ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፤
ወደቀ። አሥራ አንዴ ገደልኩት፣ አሥራ አንዴ ቆጠርኩ።

ለካ ሲነሳ አንድ ጊዜ አድራሻውን ይይዛል፣
ቤቱ ቢቀየር አያውቅም፣ የድሮውን በር ያንኳኳል፤
መልስ ሲያጣስ? ያላስተማርኩትን ከየት ያመጣል?
«ካልመለሱልህ ሙት» ብዬ የጻፍኩት እኔው፣ በገዛ እጄ፣
ግንቦት ላይ፣ ለጊዜው ብዬ። ለጊዜው ሰንብቶ ይገድላል፣ ወዳጄ።

ይህን ሳብሰለስል፣ ፊት ለፊቴ አንዲት እናት፣ ከልጃቸው ጋር፣
ስለ ቆርቆሮ ዋጋ ሲያወሩ፣ ስለ ምስማር፣
ሁለተኛው ጠመዝማዛ ላይ መስመሩ ተቆረጠ።
«ሀሎ? ... ሀሎ?»
ስልኩን አዩት እንጂ ሆዳቸው አልደነገጠ።
«ሒሳብ» አለ ረዳቱ። ከመቀነታቸው ፈቱ።
ጭጋጉ እስኪያልፍ ቆዩ። ደወሉ።
«እሺ ዘምዘሜ። የት ላይ ነበርን? ... አዎ፣ ምስማሩን ስንት አሉ?»

ይኸው ነው።
ይኸው ነው ሰባት ሌሊት ያጣሁት።
ከቦርከና ድልድይ ሳንደርስ «ሙት» የሚለውን ፋቅሁት፤
በምትኩ፦ የሞተውን መስመር ልቀቅ። ትንሽ ቆይ።
አዲሱን አድራሻ ጠይቅ። አንኳኳ። ዝም ካሉህ፣ ረዘም አድርገህ ቆይ።
መጨረሻ የቆጠርካትን ጥቅል ግን አደራ፣
ከእሷ ጀምር፣ ከአንድ አትጥራ።

ማታ ሽቅብ ስንመለስ፣ ሐረጎ ላይ አንቴናው ጠፋ፤
ጥቁሩ መስኮት ዝም አለ፣ አንዲት ጭረት ብቻ ብልጭ ጥፍት እያለች ስታንቀላፋ።
አንድ ኩርባ። ሁለት ኩርባ።
ከዚያ፣ እኔው በጻፍኩለት ቃል፦
«ሀሎ? የት ላይ ነበርን?»
አራት መቶ ስድስት።
አራት መቶ ሰባት።
ለማን እንደምስቅ አያውቅም ከጎኔ ያለው ሰውዬ፤
አራት መቶ ስምንት ላይ ባትሪው አለቀ። እሱ የነገ ነው ብዬ
ከደንኩት።